የእናት ምግብና የሕፃን የልደት ክብደት

የባሮ ወንዝ በክረምት በሚሞላበት ጊዜ በጋምቤላ ክልል ምዕራባዊ ጫፍ የምትገኘው ማታር ከየብሱ ይልቅ ለውሃው የቀረበች ትሆናለች። መንገዱ ይቋረጣል፤ መጓጓዣው ጀልባ ይሆናል፤ ያለፈው ዓመት ማሽላ አልቆ አዲሱ ገና በማሳ ላይ ነው። በዚህ ወቅት ስድስት ወይም ሰባት ወር የሞላት ነፍሰ ጡር ምግቧ እያነሰ ሲሄድ ሥራዋ ግን አያንስም። በማኅፀኗ ያለው ጽንስ ደግሞ አብዛኛውን ክብደቱን የሚያገኘው በእርግዝናው የመጨረሻ ሦስት ወራት ውስጥ ነው።

በመሆኑም «እናት በእርግዝናዋ ወራት የምትመገበው ምግብ የልጅዋን የልደት ክብደት ይለውጣልን?» የሚለው ጥያቄ በማታር የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ጥያቄው ረዥም ታሪክ አለው፤ መልሱም ከመቶ ዓመት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ተገለባብጧል። ከመልሱ አንዱ ክፍል የተገኘው በአገራችን ተመራማሪዎች፣ በአዲስ አበባ እናቶች ላይ በተደረገ ጥናት መሆኑን የሚያስታውስ ግን ብዙ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትንሽ ልጅ የሚፈለግበት ዘመን

ዛሬ የሕክምና ባለሙያ ሁሉ የሕፃን ክብደት ማነስን ይፈራል። ዳሩ ግን የምግብና የልደት ክብደት ግንኙነት በሕክምና ሥራ ላይ በመጀመሪያ የዋለው ሕፃኑን ለማሳደግ ሳይሆን ለማሳነስ ነበር። በ1889 በጀርመን አገር በሐምቡርግ የነበረው ሐኪም ሉድቪግ ፕሮኾቭኒክ ዳሌያቸው ለጠበበ ነፍሰ ጡሮች እህልና ፈሳሽ የሚቀንስ የአመጋገብ ሥርዓት አዘጋጀ። በዚያ ዘመን በልጅነታቸው አጥንታቸው የለመሸሸባቸው ሴቶች ብዙዎች ነበሩ፤ በቀዶ ሕክምና ማዋለድም ለእናት ሕይወት እጅግ አስጊ ነበር። ስለዚህ ሕፃኑ አንሶ ቢወለድ እናቲቱ ትተርፋለች የሚል ተስፋ ነበር።

ይህ አስተሳሰብ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። በብዙው የአገራችን ክፍል ነፍሰ ጡር አብዝታ ከበላች ልጁ ይገዝፍና ምጡ ይጠናባታል የሚል እምነት አለ። ወተትን የመሳሰሉ ምግቦች በሕፃኑ ገላና ራስ ላይ ይለጠፋሉ በማለት የሚከለክሉ አካባቢዎችም አሉ። ይህን እምነት የድንቁርና ውጤት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን ሐኪም በሩቅ በሚገኝበት፣ የምጥ መራዘም ሞትን ወይም ፊስቱላን በሚያመጣበት አገር ትልቅ ልጅን መፍራት ከልምድ የመጣ ፍርሃት ነው። የአዲስ አበባው ፊስቱላ ሆስፒታል በ1974 የተቋቋመው ይህ አደጋ ብዙ እናቶችን ስለጎዳ ነው። የአገራችን አሮጊቶች ያሉትን የሐምቡርጉ ሐኪምም ብሎት ነበር።

በአሜሪካም ቢሆን ሐኪሞች ነፍሰ ጡሮች ክብደት እንዳይጨምሩ አጥብቀው ሲያስጠነቅቁ ኖረዋል። ምክንያታቸው በእርግዝና ጊዜ የሚመጣውን የደም ግፊት ሕመም ለመከላከል ነበር። ይህ ምክር የተለወጠው የአገሪቱ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1970 ባወጣው መግለጫ ክብደት መቀነሱ ለሕፃኑ እንደማይበጅ ከገለጸ በኋላ ነው።

ሚዛኑና ልኩ

ስለ ክብደት ለመነጋገር ልክ ያስፈልጋል። ትውልዱ ፊንላንዳዊ የሆነው የሕፃናት ሐኪም አርቮ ኢልፖ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በኋላ 2500 ግራምን እንደ ድንበር ወሰደ። የመጀመሪያው የዓለም የጤና ጉባኤ በ1948 ይህንኑ ልክ ተቀበለ፤ ነገር ግን ከዚህ በታች የተወለደውን ሁሉ «ያለጊዜው የተወለደ» ይለው ነበር። በ1961 የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች አነጋገሩን አርመው «አነስተኛ የልደት ክብደት» አሉት።

ለውጡ የቃል ብቻ አልነበረም። ሕፃን በሁለት መንገድ አንሶ ሊወለድ ይችላል፤ ይኸውም ወሩ ሳይሞላ በመወለድ ወይም ወሩ ሞልቶ ሳለ በማኅፀን ውስጥ በሚገባ ባለማደግ ነው። የእናት ምግብ ጉዳይ ይበልጥ የሚታየው በሁለተኛው ላይ በመሆኑ፣ ሁለቱ ሳይለያዩ ጥያቄው ሊመለስ አይችልም ነበር።

የጦርነት ረኃብ የሰጠው ምስክርነት

ሰውን አስርቦ መመራመር አይቻልም። ጦርነት ግን ማንም ሊያደርገው የማይገባውን ነገር አደረገ። ሌኒንግራድ ከ1941 ጀምሮ በተከበበችበት ጊዜ፣ ረኃቡ በበረታበት በ1942 የመጀመሪያ አጋማሽ የተወለዱት ሕፃናት ከቀድሞዎቹ በአማካይ ከ500 ግራም በላይ አንሰው ተገኙ። ሐኪሙ አንቶኖቭ ይህን መዝገብ በ1947 ለዓለም አቀረበ። ዳሩ ግን በሌኒንግራድ ረኃቡ ከብርድ፣ ከድካምና ከድንጋጤ ጋር ተቀላቅሎ ነበርና ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር።

የሆላንድ ሁኔታ ይበልጥ ግልጽ ነው። የጀርመን ጦር ከ1944 መጨረሻ እስከ ግንቦት 1945 ድረስ የምዕራቡን ክፍል ምግብ በመቁረጡ የአንድ ሰው የቀን ድርሻ ከ1000 ኪሎ ካሎሪ በታች ወረደ። ረኃቡ የጀመረበትና ያበቃበት ጊዜ የታወቀ ነው፤ አዋላጆችም ሕፃናቱን መመዘን አላቋረጡም። ትውልዳቸው ከደቡብ አፍሪካ የሆነው ዜና ስታይንና መርቪን ሰሰር ከባልደረቦቻቸው ጋር መዝገቡን መርምረው በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳመለከቱት፣ ረኃቡ በመጨረሻው የእርግዝና ክፍል የደረሰባቸው እናቶች ልጆች 300 ግራም ያህል ቀንሰው ተወለዱ። በመጀመሪያው ክፍል ብቻ ተርበው ኋላ የጠገቡት እናቶች ልጆች ግን በክብደት ከሌሎቹ አላነሱም።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ተገኘ። አንደኛው፣ ምግብ በእጅጉ ሲያንስ ክብደት በእርግጥ ይቀንሳል። ሁለተኛው፣ ጊዜው ይወስናል። በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት የተራቡት ልጆች፣ ክብደታቸው ሳይጎድል፣ በጉልምስናቸው ለልብና ለሌሎችም ሕመሞች ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን ስላሳዩ፣ ሚዛን ሁሉን ነገር እንደማይናገር ታወቀ።

በአዲስ አበባ የተገኘው መልስ

በ1962 በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። የብዙ ሰው ትኩረት ጡት በጣሉ ሕፃናት ላይ በነበረበት በዚያ ዘመን ጥቂት ባለሙያዎች ችግሩ ከልደት በፊት መጀመሩን ተመለከቱ። መሐሪ ገብረ መድኅንና አስመሮም ጎበዜ በ1975 ባሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ የሚኖሩ ችግረኛና ባለጸጋ ነፍሰ ጡሮች በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት የሚመገቡትን ከልጆቻቸው የልደት ክብደት ጋር አመዛዘኑ። ልዩነቱ በማዕዱም በሚዛኑም ላይ ታየ። እናቶቹ የአንድ አገርና የአንድ ከተማ ሰዎች በመሆናቸው ልዩነቱን በዘር ማመካኘት አልተቻለም።

ሆኖም አንድ ጥያቄ ቀረ። ችግረኛይቱ እናት ከባለጸጋዋ የምትለየው በምግብ ብቻ አይደለም፤ ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትሸከማለች፣ ትፈጫለች። ፕሮፌሰር ነብያት ተፈሪ ከሪቻርድ ኔይና ከአስመሮም ጎበዜ ጋር በ1980 ያወጡት ጥናት ይህን ለየ። የተጠኑት እናቶች ሁሉ ምግባቸው ከሚመከረው በእጅጉ ያነሰ ነበር፤ የሚለያዩት በሥራቸው ክብደት ነው። ከባድ ሥራ የሚሠሩት በእርግዝናቸው የጨመሩት ከ4 ኪሎ በታች ሲሆን፣ ሥራቸው ቀለል ያለው ወደ 6 ኪሎ የተጠጋ ጨመሩ። የሕፃናቱም ክብደት በሁለቱ መካከል 200 ግራም ያህል ተራራቀ።

የዚህ ጥናት ክብር ሊጤን ይገባል። ምግብ የሚለካው በሚገባው ብቻ ሳይሆን በሚወጣውም መሆኑን አሳይቷል። የሥራ ሸክሟ ያልቀለለላት እናት ከምትበላው ውስጥ ለጽንሱ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ምግብ ቢጨመርስ?

ረኃብ ክብደትን መቀነሱ ምግብ መጨመር ክብደትን ይመልሳል ለማለት አይበቃም፤ መሞከር ነበረበት። በጓቴማላ መንደሮች ከ1969 ጀምሮ በተደረገው ሙከራ ለውጡን ያመጣው የፕሮቲኑ ብዛት ሳይሆን ጠቅላላው የምግብ ኃይል ሆኖ ተገኘ። በኒው ዮርክ ከተማ በሐርለም ሠፈር ተደርጎ ውጤቱ በ1980 የወጣው ሙከራ ደግሞ ፕሮቲን የበዛበት ተጨማሪ ምግብ ያለጊዜው መወለድን ሊያበዛ እንደሚችል አስጠነቀቀ።

ለማታር ከሁሉ የሚቀርበው የጋምቢያው ምስክርነት ነው። በዚያች አገር ገጠር ክረምቱ የረኃብም የእርሻ ሥራም ወቅት ነው። በ28 መንደሮች ለአምስት ዓመት ለነፍሰ ጡሮች በቀን 1000 ኪሎ ካሎሪ ያህል የሚሰጥ ብስኩት ታደለ። በ1997 በወጣው ውጤት መሠረት የልደት ክብደት በአማካይ በ136 ግራም ጨመረ። ጭማሪው በመከሩ ወቅት 94 ግራም፣ በረኃቡ ወቅት ግን 201 ግራም ነበር። ሞተው የሚወለዱና በመጀመሪያው ሳምንት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥርም በግልጽ ቀነሰ። ሴቶቹ የፈሩት የምጥ መጥናትም በዚህ ምክንያት አልበዛም፤ የተጨመረው ክብደት ትንሽ ሲሆን ጥቅሙ ግን ሕይወት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 ባወጣው መመሪያ የምግብ እጥረት ባለበት ሕዝብ ዘንድ ለነፍሰ ጡሮች የተመጣጠነ ተጨማሪ ምግብ እንዲሰጥ መከረ።

ከማታር አንጻር ሲታይ

ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1930ዎቹ የኑዌርን ሕዝብ ኑሮ በሱዳን ምድር ሲያጠና ዓመቱ «ቶት» በተባለው የዝናብ ወቅትና «ማይ» በተባለው የበጋ ወቅት እንደሚከፈል ጽፏል። በበጋ ሕዝቡ ከብቱን ይዞ ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳል፤ ዓሣ ይገኛል። በክረምት ወደ ከፍተኛው መንደር ተመልሶ ማሽላ ይዘራል፤ ከመከሩ በፊት ያሉት ወራት ግን የእጥረት ወራት ናቸው። በ1902 ስምምነት እንግሊዞች በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደላቸው በኋላ ከካርቱም የሚመጡት መርከቦች በባሮ ላይ የሚጓዙት ወንዙ ሲሞላ ነበር። ቡና ተጭኖ የሚወጣበት ወቅት ለወንዙ ዳር እናቶች እህል የሚያልቅበት ወቅት ነበር ማለት ነው።

በዚህ የወቅት ረኃብ ላይ ሌላ ተጨመረ። ከ1983 በኋላ የሱዳን ጦርነት እጅግ ብዙ ስደተኞችን ወደ ኢታንግ አመጣ። በታኅሣሥ 2013 በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲነሳም ማታር ከመግቢያ በሮች አንዷ ሆነች። ብዙዎቹ ስደተኞች ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል የመጨረሻ ወራታቸውን በእግር መንገድ ያሳለፉ ነፍሰ ጡሮች ይገኙባቸዋል። ጋምቤላ የወባ አገር መሆኑም አይዘነጋም። ወባ በእንግዴ ልጁ ውስጥ ተቀምጦ የጽንሱን ምግብ ስለሚያጓድል የልደት ክብደትን ይቀንሳል፤ ስለዚህ በማታር አጎበር ከምግብ ጋር አብሮ የሚቆጠር ነው።

ለነፍሰ ጡር የታደለ የተጠናከረ ዱቄትም በራሷ አፍ ብቻ አይገባም፤ ልጆቿ እየተራቡ ለብቻዋ የምትበላ እናት የለችም። በሰኔ 2023 በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ ሲቋረጥ ስደተኞችም ተካትተውበት ነበር፤ ለእነርሱ የተመለሰው በጥቅምት ነው። እነዚያ የተቋረጠባቸው ወራት ልክ የክረምቱ ወራት ነበሩ። በሆላንድና በጋምቢያ የተገኘው እውቀት ሲታሰብ፣ በዚያ ዓመት በመከር የተወለዱት ሕፃናት የመጨረሻ ወራታቸውን በምን ሁኔታ እንዳሳለፉ መገመት አያዳግትም።

ማጠቃለያ

ታሪኩ የሚሰጠው መልስ «አዎን፣ በልኩ» የሚል ነው። በሚገባ በምትመገብ እናት ላይ ምግብ መጨመር በሕፃኑ ክብደት ላይ ብዙም አይታይም። በተራበች እናት ላይ ግን የመቶና የሁለት መቶ ግራም ልዩነት ያመጣል፤ ይህም በ2500 ግራም ድንበር ላይ ላለ ሕፃን የሕይወትና የሞት ልዩነት ሊሆን ይችላል።

በመሆኑም ባለሙያ ነፍሰ ጡርን «ምን ትበያለሽ?» ብሎ ብቻ ሊጠይቅ አይገባውም። የመጨረሻ ወራቷ በየትኛው ወቅት እንደሚውል፣ ምን እንደምትሸከም፣ በአጎበር ሥር እንደምትተኛና የመጣላትን ምግብ ከማን ጋር እንደምትካፈል መጠየቅ ይኖርበታል። ትልቅ ልጅን ስትፈራም ፍርሃቷን ከመንቀፍ ይልቅ የምትወልድበትን ቦታ ማቅረብ ይበልጣል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሚዛኑ አለ። የ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በኢትዮጵያ በጤና ድርጅት የሚወልዱት ከመቶ 26 ገደማ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ቢጨምርም በቤት የሚወለዱት ጥቂት አይደሉም። የሆላንድ አዋላጆች በረኃብና በጦር መካከል ሆነው ሕፃናቱን ባይመዝኑ ኖሮ ዓለም ዛሬ የሚያውቀውን አያውቅም ነበር። በማታር በክረምት የተወለደ ሕፃን ሳይመዘን ከቀረ የእናቱ ረኃብ የትም አይጻፍም፤ ያልተጻፈውን ረኃብ ደግሞ ማንም ሊከራከርለት አይችልም።