የጃጁራ ታማሚ ውጤት በማን እጅ ይቀመጥ?

የላቦራቶሪ ሶፍትዌር ምርጫ ሲነሳ ብዙዎቻችን "የኮምፒውተር ሰዎች ጉዳይ ነው" ብለን እናልፋለን። ያለፉት ሃያ ዓመታት የሚያሳዩን ግን ሌላ ነው፤ ዋናው ጥያቄ የሕዝቡ የምርመራ ውጤት በማን እጅ ይቆያል የሚለው ነው።

ከመዝገቡ እንጀምር። እንደ ሶሮዋ ጃጁራ ባሉ ከተሞች የጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ለረጅም ዘመን የሠራው በወፍራም መዝገብ ነው፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ምርመራ፣ ውጤት። መዝገብ መብራት ጠፋ ብሎ አይቆምም፤ ችግሩ ከግቢ አለመውጣቱ ነው። የወባ ታማሚ በአንድ ሳምንት እጥፍ ቢሆን ሆሳዕና የሚሰማው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቆጥሮ ሲልክ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ገልጿል። ከነዚህ ብዙዎቹ መጀመሪያ በአንድ መዝገብ ላይ የተጻፉ አንድ አንድ መስመሮች ነበሩ።

በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር የላቦራቶሪው ሥራም ተለወጠ። ሲዲ4፣ በኋላም የጨቅላ ሕፃናት ምርመራና ቫይራል ሎድ መጡ። ናሙና ከጤና ጣቢያ ወደ ክልል ላቦራቶሪ መጓዝ ነበረበት፤ ፖስታ ቤት ሳይቀር አመላላሽ ሆነ። ናሙናው ይሄዳል፤ ውጤቱ በወረቀት ሲመለስ ግን ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ሶፍትዌር የተፈለገው ለዚህ ነው። ፖሊቴክ የተባለው የአሜሪካ ሶፍትዌር በአንዳንድ የመንግሥት ሆስፒታሎች ሥራ ላይ የዋለውም በውጭ ድጋፍ ነው።

ሌሎች አገሮች ሁለት መንገድ ሞክረዋል። ደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ የላቦራቶሪ አገልግሎቷን በ2001 እ.ኤ.አ. አቋቁማ ዲሳን፣ ከዚያ ትራክኬርን በፈቃድ ክፍያ ተጠቀመች። ሄይቲና ኮትዲቯር ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነውን ኦፕንኤሊስ መረጡ። የመጀመሪያው ገንዘብ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው "ነፃ" ቢባልም የሚጠግነው ሰው ደመወዝ ይፈልጋል። የእኛም ጤና ሚኒስቴር ለወርኃዊ ሪፖርት ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመነጨውን ዲኤችአይኤስ 2 ወስዷል። ይህ ሪፖርት ግን ድምር ነው፤ የአንዲት እናት ናሙና የት እንደደረሰ አይነግረንም።

ሦስተኛው ለውጥ ከጤናው ዘርፍ ውጭ የመጣ ነው። የደቡብ ክልል የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መቀመጫው ሐዋሳ ነበር። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ሆነ። በነሐሴ 2015 ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ መቀመጫውም ሆሳዕና ሆነ። ክልል ሲከፈል የመኪናው፣ የሕንፃውና የዕዳው ክፍፍል ይወራል። የመረጃውስ? የሶሮ ገበሬ የአሥር ዓመት የምርመራ ታሪክ ከቀድሞው ቋት ተነጥሎ ሊወጣ ይችላል? ሶፍትዌር ሲመረጥ ይህን የጠየቀ ነበር?

ስለዚህ አዲሱ ክልል ሶፍትዌር ሲመርጥ ከስክሪኑ ውበት በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ።

አንደኛ፦ መረጃው በሙሉ፣ ሌላ ሶፍትዌር ሊያነበው በሚችል መልክ ይወጣል? እንደ ሎይንክ ያለ ዓለም አቀፍ የምርመራ መለያ ኮድ ይጠቀማል? ይህ በውል ካልተጻፈ ገዢው የሻጩ እስረኛ ነው።

ሁለተኛ፦ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ይሠራል? ሆስፒታል ላይ አምሮ ጤና ጣቢያ ላይ የሚቆም ሥርዓት ለጃጁራ ትርጉም የለውም።

ሦስተኛ፦ ፕሮጀክቱ ሲያበቃ ማን ይከፍላል፣ ማንስ ይጠግናል? ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ሆሳዕና ነው። የአካባቢው ልጆች ከፍተው ሊያዩት የማይችሉት ሶፍትዌር ሁሌም ከውጭ ሰው ያስጠብቃል።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። የሰው የደም ምርመራ ውጤት የግል መረጃ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? የመረጃው ባለአደራ ማን እንደሆነ ሶፍትዌሩ ከመገዛቱ በፊት በስም ይታወቅ። ከተገዛ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ "ኩባንያውን ጠይቁ" ነው።

በላቦራቶሪ የምትሠሩ ተከታታዮቻችን፣ እናንተ ዘንድ ነገሩ እንዴት ነው? ጻፉልን።