ከቦታው የተነሣው አሮጌ ቤት

በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ከተማ፣ ከካቴድራሉ አጠገብ፣ «ኦልድ ዌሊንግተን» የሚባል መጠጥ ቤት ይገኛል። ስለ መጠጥ ቤት በትምህርት ቤት መጽሔት መጻፋችን ወላጆችን ያስገርም ይሆናል፤ ነገር ግን ልንነግራችሁ ያሰብነው ስለ መጠጡ ሳይሆን ስለ እንጨቱ ነው።

ቤቱ የተሠራው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1552 ዓ.ም. በከተማይቱ የገበያ ቦታ አጠገብ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዘመናት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። በ1554 ከቤቱ ከፊሉን የባይሮም ቤተ ሰብ ገዝቶ ጨርቅ ይሸጥበት ጀመር። የአጭር ጽሕፈት ዘዴ የፈለሰፈው ባለቅኔ ጆን ባይሮም ከዚህ ቤተ ሰብ የተወለደ ነው። ሦስተኛው ደርብ በ17ኛው ምዕተ ዓመት ተጨመረ፤ መጠጥ ቤት የሆነው ግን በ1830 ነው።

በጭቃ ቤት ያደገ ሰው የዚህን ዐይነት ቤት አሠራር ቶሎ ይረዳዋል። ክብደቱን የሚሸከመው ግድግዳው ሳይሆን እንጨቱ ነው። ኦክ ከሚባል ጠንካራ ዛፍ ቋሚውና አግዳሚው ተጠርቦ፣ የአንዱ ጫፍ በሌላው ቀዳዳ ይገባና በእንጨት ችንካር ይያያዛል። አናጢዎቹ ከመሬት ላይ ገጣጥመው ሲያበቁ በየእንጨቱ ላይ ምልክት ይቀርጹና ፈትተው በቦታው ያቆሙታል። በመካከሉ ያለው ክፍት ቦታ ብዙ ጊዜ በተጠላለፈ ጭራሮ ተሞልቶ፣ ጭቃና ጭድ ተመርጎ፣ በኖራ ይለሰናል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የእኛ ቋሚ በመሬት ይቀበራል፣ የእነርሱ ግን በድንጋይ መሠረት ላይ በተጋደመ ግንድ ላይ ይቆማል። እንዲህ ያለውን ቤት ማንሣት ይቻላል ማለት ነው።

ደግሞም ተነሥቷል። በ1940 በገና ሰሞን የጀርመን አውሮፕላኖች የገበያውን ሰፈር ሲያወድሙ ይህ ቤት ተረፈ። ከ1970 ወዲህ በነበሩት ዓመታት አካባቢው እንደ አዲስ ሲሠራ፣ ቤቱ እንዳለ 1.4 ሜትር ያህል ወደ ላይ ከፍ ተደረገ። በሰኔ 1996 አሸባሪዎች 1,500 ኪሎ ያህል የሚመዝን ቦምብ በአቅራቢያው አፈነዱ፤ ከ200 በላይ ሰዎች ቈሰሉ፣ የሞተ ግን አልነበረም። ከዚያም ከተማይቱ ስትታደስ ቤቱ ተፈትቶ ወደ ካቴድራሉ ቀርቦ ተገጠመ፤ ሥራውም በ1999 ተፈጸመ።

ከመካከላችን አንዳንዶቹ፣ ከገበያው ተነቅሎ የሄደ ቤት ያው ቤት አይደለም ብለው ተከራክረዋል። እውነት አላቸው፤ ጐረቤቱ «ሲንክሌርስ» እንኳ አብሮት ተዛውሮ፣ ዛሬ የቆመው ከእርሱ ጋር ማዕዘን ሠርቶ ነው። ሆኖም ቤቱ የጡብ ቢሆን ኖሮ ፈትቶ መልሶ መገጣጠሙ ይበልጥ በከበደ ነበር።