ብሩ የተቀነሰበት ግማሽ ዶላር

በቋንቋችን ነጩ ማዕድን ብር ይባላል፤ የምንገበያይበትም ገንዘብ ብር ይባላል። አባቶቻችን በማርያ ቴሬዛ ጠገራ ሲገበያዩ የገንዘቡ ዋጋ በራሱ በማዕድኑ ውስጥ ስለ ነበረ፣ ሁለቱ በእርግጥ አንድ ነበሩ። ዛሬ የምንተርክላችሁ እነዚህ ሁለቱ በአሜሪካ አገር እንዴት እንደ ተለያዩ ነው። ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

እስከ 1964 ድረስ የአሜሪካ አሥር ሳንቲም፣ ሃያ አምስት ሳንቲምና ግማሽ ዶላር ከመቶው 90 እጅ ብር፣ 10 እጅ መዳብ ነበሩ። ነገር ግን ኢንዱስትሪው ብርን አብዝቶ ስለ ፈለገ የማዕድኑ ዋጋ ናረ፤ በገበያም የሳንቲም እጥረት ደረሰ። ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በ1963 ከተገደሉ በኋላ ምስላቸውን የያዘው ግማሽ ዶላር በ1964 ሲወጣ፣ ሕዝቡ ለመታሰቢያ እያለ በየቤቱ አኖረው።

በጁላይ 23 ቀን 1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን አዲሱን የሳንቲም ሕግ ፈረሙ። አሥር ሳንቲሙና ሃያ አምስት ሳንቲሙ ብር ጨርሶ ቀረባቸውና በመዳብና በኒኬል ተሠሩ። ግማሽ ዶላሩ ግን በመካከል ቆመ፤ ብሩ ወደ 40 ከመቶ፣ ክብደቱም ከ12.5 ወደ 11.5 ግራም ወረደ። በሁለቱ ፊቶቹ 80 ከመቶ ብር ያለበት ንጣፍ ተለበጠ፤ መካከሉ ግን 21 ከመቶ ያህል ብር ብቻ ያለበት መዳብ ሆነ።

ፕሬዚዳንቱ የብር ሳንቲም ማከማቸት ትርፍ እንደማይሰጥ ለሕዝቡ አስረዱ። ሕዝቡ ግን ብር የሌለበትን ሳንቲም እያወጣ፣ ብር ያለበትን አስቀረ። ንግዱ በመዳብና በኒኬል ሳንቲም ያለ ችግር ቀጠለ፤ በመካከል የቆመው ግማሽ ዶላር ግን ከገበያ ጠፋ። ከ1971 ጀምሮ ለገበያ ከሚወጣው ላይ ብሩ ቢነሣም፣ ወደ ቀድሞ አገልግሎቱ አልተመለሰም። በ1980 መጀመሪያ የብር ዋጋ እጅግ በናረ ጊዜ ብዙ የብር ሳንቲም ወደ ማቅለጫ እሳት ገባ።

ከእሳት የተረፈውን ሰብሳቢዎች ዛሬም ይፈልጉታል። ምልክቱ በጠርዙ ነው፤ የ1964ቱ ጠርዝ ሙሉ ነጭ ነው፤ ብር የሌለበት ቀይ የመዳብ መስመር ያሳያል፤ የ1965 እስከ 1970ው ግን ደብዘዝ ያለ ነው። ከሁሉ የሚፈለገው በዴንቨር ከተማ የተሠራው የ1970ው ነው። ለሰብሳቢዎች በተዘጋጀ ጥቅል ብቻ ስለ ተሸጠ ቍጥሩ ሁለት ሚሊዮን ከመቶ ሃምሳ ሺህ ያህል ነው፤ በዚያው ከተማ በ1969 የተሠራው ግን ከ129 ሚሊዮን ይበልጣል።

ይህ ነገር ለእኛም ባዕድ አይደለም። 1936 ዓመተ ምሕረት የተጻፈበት የብር ሃምሳ ሳንቲማችን በአሜሪካ፣ በፊላዴልፊያ ገንዘብ ማተሚያ ቤት ሲሠራ፣ በመጀመሪያ ከሺህ 800 እጅ ብር ነበረው፤ ኋላ ወደ 700 ዝቅ ብሏል። መልኩና የተጻፈበት ዓመት ግን አልተለወጠም።

እንግዲህ ከሳንቲም ላይ ብሩ ሲነሣ በስፍራው የሚቆመው የመንግሥት ቃል ነው። በዚህ ቃል ንግድ ይሠራል፤ ደመወዝም ይከፈላል። ከፊሉን በማዕድን፣ ከፊሉን በቃል እናቁመው ያሉት ግን ግማሽ ዶላሩን ከሰው ሣጥን ሊያወጡት አልቻሉም። ስለዚህ ከአያቶቻችሁ ሣጥን አሮጌ ሳንቲም ብታገኙ፣ ለሌላ ከመስጠታችሁ በፊት ጠርዙን ተመልከቱ፤ ፊቱ የማይናገረውን ጠርዙ ይነግራችኋል።