ያልተጠየቀው ወላጅ፦ የአትላስ አካባቢ የኮሌጅ ተማሪዎች፣ መጠጥና የቤት ፈቃድ

ዋቅጋሪ ዴሬሳና አክሊሉ አዛዥ በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 622 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች መጠይቅ ሞልተዋል። ባለፉት 12 ወራት መጠጥ ጠጥተናል ያሉት 22 ከመቶ ናቸው። ጥናቱ በዘርፉ ደጋግሞ ይጠቀሳል፤ መጠቀሱም ይገባዋል። የምቃወመው ቁጥሩን አይደለም። ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለውን ግምት ነው፦ ስለ ተማሪ መጠጥ የሚበቃው ምስክር ተማሪው ራሱ ነው የሚለውን። የጥናቱ ርእስ አደንዛዥ ነገሮችን ወደ መጠቀም የሚመሩ አመላካቾችን እንደሚፈልግ ያስታውቃል። ልጁን አሳድጎ ኮሌጅ ያደረሰው ሰው ግን አንድም ጥያቄ አልቀረበለትም።

ከዚያ በፊት የነበረው ሥራ ብዙ አያቆየንም። ዘይን አሕመድ ዘይን በ1988 እ.ኤ.አ. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ያጠናው ጫትን ማእከል አድርጎ ነው። ደረጀ ከበደና ባልደረቦቹ በ2005 እ.ኤ.አ. ከ20 ሺህ በላይ ወጣቶችን ይዘው ጫትና መጠጥ ከአደገኛ የወሲብ ባሕርይ ጋር ያላቸውን ዝምድና መርምረዋል። አበባው ፈቃዱ፣ አታላይ ዓለምና ሻርሎት ሐንሎን ደግሞ በ2007 እ.ኤ.አ. የዘርፉን ጥናቶች አንድ ላይ አምጥተው ገምግመዋል። ከእነዚህ ጋር ጠብ የለኝም።

ወላጁን ከመውቀሳችን በፊት ሕጉን ማየት ይገባል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ዓ.ም.) መጠጥ የሚሸጥለትን ሰው የዕድሜ ወለል ከ18 ወደ 21 ከፍ አደረገ፤ የመጠጥ ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። በሰባት ዓመቱ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ 12ኛን የሚጨርሰው በ19 ዓመቱ ነው። በግል ትምህርት ቤት በስድስት ዓመቱ የጀመረው ደግሞ በ18 ይጨርሳል። የመጀመሪያ ዲግሪ በአብዛኛው አራት ዓመት በሚፈጅበት በአሁኑ ጊዜ፣ ተማሪው ከኮሌጅ ቆይታው ግማሽ ያህሉን፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ፣ የሚያሳልፈው ቢራ ሊሸጥለት በማይገባ ዕድሜ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (ቁጥር 213/1992 ዓ.ም.) በአንጻሩ 18 ዓመት ለሞላው ሰው ጋብቻ ይፈቅዳል። የ19 ዓመት ሙሽራ ትዳር መመሥረት ትችላለች፤ ለሠርጓ የሚሆነውን ቢራ ግን ከግሮሰሪ ሄዳ መግዛት አትችልም። በአዲስ አበባ በአትላስ አካባቢ ያለ አባት ልጁን በምርጫ ሲሰለፍና መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ አይቶ በመጠጥ ጊዜ ብቻ ሕፃን ነው ብሎ ባያስብ ሊያስደንቀን አይገባም። ዐዋጁ በዋናነት የሚያነጋግረው አምራችን፣ አስተዋዋቂንና ሻጭን ነው። የቤቱን ደንብ የሚያወጣው አሁንም ወላጅ ነው።

አትላስን የመረጥሁት ስለዚህ ነው። የሕክምና ፋኩልቲ ተማሪ፣ በተለይ ከክፍለ ሀገር የመጣው፣ በዶርም ያድራል። ከወላጁ ዐይን ስለ ራቀም በመጠይቁ ላይ ወላጁ ባይኖር ብዙ የሚጎድል አይመስልም። ከአትላስ ሆቴል ተነሥቶ ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ወደ ሃያ ሁለትና ወደ ገርጂ በተዘረጋው ሰፈር ግን ሌላ ዓይነት ተማሪ አለ። የግል ኮሌጅ ተማሪው ጠዋት ከእናቱ ቤት ወጥቶ ማታ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። የቺቺንያ ሰፈር መጠጥ ቤቶች ከደጁ ብዙ አይርቁም፤ የኪስ ገንዘቡ፣ የትምህርት ክፍያውና የሚተኛበት አልጋ የወላጅ ናቸው። ይህን ተማሪ በዶርም ተማሪ ሚዛን መስፈር አይቻልም። በየዩኒቨርሲቲው ግቢ የተሰበሰበው መጠይቅ ሁሉ ስለ «ኢትዮጵያዊ ተማሪ» ሲናገር ይህን ልጅ ሳያየው ያልፋል።

ታዲያ ወላጁ ምን ያስባል? የአሜሪካ ተመራማሪዎች የወላጅን ፈቃድ ዘወትር የሚለኩት በብዛት ነው፦ ወላጆችህ ስንት ብርጭቆ ብትጠጣ ይታገሡሃል? ጥያቄው ለእነርሱ ሠርቶላቸዋል፤ ወላጅ በፈቀደ መጠን ተማሪው አብዝቶ እንደሚጠጣ ደጋግመው አሳይተውበታል። አትላስ ላይ ግን ጥያቄው መሬት አይቆነጥጥም። እዚህ ያለው ወላጅ ብርጭቆ አይቆጥርም። የሚያስጨንቀው ልጁ የት እንደጠጣ፣ ከማን ጋር እንደጠጣ፣ በስንት ሰዓት እንደገባና ማን እንዳየው ነው። «ቢጠጣም እቤቱ ይጠጣ» የምትል እናት ልጇ ከመጠጥ ቤት ሲወጣ ጎረቤት አየው ሲሏት ልትታመም ትችላለች። ፈቃድ ነው ወይስ ክልከላ? በመጠይቁ አማራጮች ውስጥ ይህች እናት የምታከብበው ፊደል የለም።

ለዚህ የሚረዳ ምንጭ አለ፤ የሱስ ተመራማሪዎች ግን ቦታ አልሰጡትም። ሶሲዮሎጂስቱ ዶናልድ ሌቪን ስለ አማራ ባህል በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» ስለ መብልና መጠጥ የሰነዘረው የሥነ ልቦና ትንታኔ አያሳምነኝም፤ ከውጭ የመጣ ንድፈ ሐሳብ ባጠናቸው የመንዝ ገበሬዎች ላይ የተደረበ ይመስለኛል። ስለ አባትና ልጅ ያየው ግን ጽኑ ነው፦ የአስተዳደግ ዋና ግብ መታዘዝ ነው፤ ልጅ በአባቱ ፊት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ይህ ደንብ መንዝ ላይ አልቀረም። በቦሌ ፎቅ ቤትም አባቱ ሲመጣ ሲጋራውን የሚያጠፋ፣ ጠርሙሱን ከጠረጴዛው ሥር የሚያስቀምጥ የ20 ዓመት ወጣት አለ። አባቱም ያውቃል፤ እንደማያውቅ ሆኖ ያልፋል። ይህ ማለፍ ቸልተኝነት አይደለም። ልጁ መደበቁ ገና እንደሚያፍረው፣ ገና እንደሚፈራው ማረጋገጫ ነው። አባቱ የሚቆጣው ልጁ መደበቁን የተወ ዕለት ነው። ከአባቱ ጋር በግልጽ ቢራ የሚከፍት ልጅ ደግሞ ሥራ የያዘ፣ ራሱን የቻለ ልጅ ነው። በዚህ ቤት የመጠጥ ዕድሜ የሚለካው በ21 ዓመት አይደለም፤ በመጀመሪያው ደመወዝ ነው ለማለት እደፍራለሁ።

የበዓል መጠጥ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። በብዙ ክርስቲያን ቤት ልጅ ጠላን የሚቀምሰው በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ነው፤ ገና ሕፃን ሳለም ቅራሪ ይሰጠዋል። የጠላ የአልኮል መጠን ከአሠራሩ ጋር ይለያያል፤ ከ2 እስከ 6 ከመቶ ይደርሳል፤ የጠነከረው ከፋብሪካ ቢራ አያንስም። ሆኖም «ልጅሽ ይጠጣል?» የተባለች እናት ስለ ጠላው አታስብም፤ አእምሮዋ የሚሄደው ወደ ድራፍትና ጂን ነው። እናት እንዲህ ካሰበች ልጇም መጠይቁን ሲሞላ እንዲሁ ማሰቡ አይቀርም። የ22 ከመቶውን ዝቅተኛነት ሳይ የምጠራጠረው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። በአውስትራሊያ 1,927 ታዳጊዎችን ለስድስት ዓመት የተከታተለው የማቲክና ባልደረቦቹ ጥናት (2018 እ.ኤ.አ.) ወላጅ መጠጥ ማቅረቡ ልጁን ከጉዳት እንደማይጠብቀው አሳይቷል። እውነት ነው፤ ግን እነዚያ ክትትሉ ሲጀመር የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ፤ ጥናቱም የመረመረው ወላጅ በእጁ የሚሰጠውን መጠጥ ነው። የአትላስ አባት አያቀርብም፤ እንዳላየ ያልፋል። ሁለቱን አንድ ማድረግ ስሕተት ነው። ሌላው ተቃውሞ የሃይማኖት ነው፦ በሙስሊሙና በፕሮቴስታንቱ ቤት መጠጥ ጨርሶ አይፈቀድም ይባላል። አይፈቀድም፤ ሆኖም ክልከላው በጠነከረ ቁጥር መደበቁ ይጠነክራል እንጂ ነገሩ አይቀየርም።

ጥንቃቄ ማድረግ እንደሚገባኝ እቀበላለሁ። ይህ ጽሑፍ ናሙና አልወሰደም፤ ኑሮው ሻል ያለ የአንድ ሰፈር ልማድ ለመርካቶም ለጅማም መልስ አይሆንም። ዋናው ክርክር ግን በዚህ አይናጋም።

የሚቀረው የሴት ልጆች ጉዳይ ነው፤ ከሁሉም የከበደው ይህ ይመስለኛል። ሴት ተማሪዎች ከወንዶች ያነሰ ይጠጣሉ የሚለው በአገራችን ጥናቶች የተለመደ ውጤት ነው። ወላጅ ግን ለሴት ልጁ ያወጣው ደንብ ከመጠጡ ይልቅ የሚመለከተው መንገዱን ነው፦ «ከመሸ ራይድ ጠርተሽ ነዪ፤ ስልክሽን እንዳታጠፊ።» ወንድሟ ባመሸ ጊዜ የሚጠብቀው ቁጣ ነው፤ እሷን የሚጠብቃት የስሟ መነሣት ነው። እንዲህ ያለ ዋጋ የሚከፈልበትን ነገር በክፍል ውስጥ፣ ከጓደኛዋ አጠገብ ተቀምጣ በወረቀት ላይ ታምናለች ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ስሟ የማይጻፍ መሆኑም ብዙ አይረዳት፤ ጎን ለጎን የተቀመጠችው ጓደኛዋ ታያታለችና። በሴትና በወንድ መካከል የተመዘገበው ልዩነት ስንቱ የመጠጥ፣ ስንቱ የመደበቅ እንደሆነ ከተማሪው ብቻ በተሰበሰበ መጠይቅ ሊለይ አይችልም። ቢያንስ እናቲቱ ለብቻዋ፣ በቤቷ፣ ልጇ በሌለችበት መጠየቅ አለባት፤ የሚቀድመው ጥያቄም ልጅሽ ትጠጣለች ወይ ሳይሆን፣ በስንት ሰዓት ትገባለች የሚለው መሆን አለበት።