የቄሱ ልጅና የጫካ ጠባቂው

ስሙኝማ! በአየርላንድ ምዕራብ፣ ሮስኮመን በሚሉት አገር፣ ከፍሬንችፓርክ ከተማ ወጣ ብሎ ፖርታሃርድ ላይ አንዲት ቤተ ክርስቲያን አለች። ጸሎት ከቀረባት በኋላ ለአንድ ሰው መታሰቢያ አደረጓት፤ ለዳግላስ ሃይድ። አባቱ የዚያችው ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ፣ ፕሮቴስታንት።

ልጁ በፈረንጆች 1860 ተወለደ። ለትምህርት ደብሊን ቢልኩት ኩፍኝ ያዘውና ተመልሶ መጣ። ያ ኩፍኝ ባይኖር ዛሬ ወሬም አልነበረኝ! አባቱ እቤት ሊያስተምሩት፣ እሱ ሹልክ እያለ ወደ ድሆቹ ጎጆ። እዚያ ሼመስ ሃርት የሚባሉ የአደን ጫካ ጠባቂ ነበሩ፤ አፋቸውን የፈቱት በአይሪሽኛ። እንጀራ የሚገኘው በእንግሊዝኛ በሆነበት ዘመን፣ የቄስ ልጅ የተናቀውን ቋንቋ ከእሳቸው አፍ ለቀመ። አጻጻፉን ማን ያሳየው? ጆሮው እንደሰማ በእንግሊዝኛ ሆሄ እየጫረ የየዕለት ማስታወሻ ያዘ። በ1875 መጨረሻ ሃርት ሞቱ። ልጁ ገና 15 ዓመቱ ነበር።

ተረት መሰብሰቡን ግን አልተወም። በ1890 «ከእሳቱ ዳር» የተባለውን መጽሐፍ ሲያወጣ፣ ቀደምት ሰብሳቢዎችን በመቅድሙ ወረፋቸው፦ ተረቱን ከማን አፍ እንደሰሙ አይናገሩማ! በ1893 ከጓደኞቹ ጋር ለአይሪሽኛ የቆመውን የጌሊክ ማኅበርን መሠረተ። በ1901 በአይሪሽኛ የጻፈው ተውኔት ደብሊን መድረክ ላይ ሲወጣ ራሱ ተወነበት። በ1938 የአገሩ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ እንግዲህ ከዚህ ወዲያ አንቱ እንበላቸው።

በሐምሌ 1949 ሞቱ። ጸሎተ ፍትሐቱ ደብሊን፣ በፕሮቴስታንቶቹ ካቴድራል ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኮስቴሎና ካቶሊክ ባልደረቦቻቸው መጡ፤ መጥተውም ከደጅ፣ መኪናቸው ውስጥ ቁጭ! ቤተ ክርስቲያናቸው በፕሮቴስታንት ጸሎት እንዳይገኙ ትከለክል ነበራ። የጤና ሚኒስትሩ ኖኤል ብራውን፣ ካቶሊክ ሆነው ሳለ፣ ገቡ። ለአገር መሪ እንዲህ ያለ ስንብት! እኔ እስከ ዛሬ አልዋጥልህ ብሎኛል።

ከዚያ አስከሬኑ ወደ ሮስኮመን ተጓዘ፤ ፖርታሃርድ፣ ከአባታቸው ደብር ግቢ፣ ከቤተሰባቸው ጎን ተቀበሩ። ኋላም መልካቸው በ50 ፓውንድ ኖት ላይ ታተመ። ፍርዱ ለእኔ ቢተው፣ 25ቱ የሼመስ ሃርት ነው።