ስለ ሐዘን ልብስና ስለ ምልክት ታሪክ ጥቂት ማስታወሻ



እንደሚታወቀው ሁሉ ቦሌ አራብሳ ከየአቅጣጫው የመጣን ሰዎች የምንኖርባት ሰፈር ናት። በአንድ ደረጃ ከምንወጣና ከምንወርድ ጎረቤታሞች መካከል አንዱ ከፒያሳ፣ ሌላው ከካዛንቺስ፣ ሌላውም ከወሎ ወይም ከወለጋ የመጣ ነው። ሐዘን ሲመጣ ግን የምንቀመጠው በአንድ ድንኳን ነው። ታዲያ በዚያው ድንኳን ውስጥ «እናቷ ሞተውባት ጥቁር እንኳ አልለበሰችም»፣ «በሦስት ቀን ሐዘን አበቃ ይባላል እንዴ?» የሚል ሹክሹክታ አልፎ አልፎ ይሰማል። በዚህም የተነሣ የተቀያየሙ ጎረቤቶች አሉ። ስለዚህ በዘንድሮው እትም ስለ ሐዘን ልብስ ታሪክ ጥቂት ልናቀርብ ወደድን።

በመጀመሪያ ከደጋው አገር ልማድ እንነሣ። ሐዘንተኛ ከል ይለብስ ነበር። ከል መልበስ ማለት ነጩን የጥጥ ልብስ በጥቁር ቀለም ነክሮ መልበስ ነው። ሐዘኑ የጠናበት ደግሞ ማቅ ይለብሳል፤ ማቅ ከበግ ጠጉር የሚሠራ፣ ገላ የሚኮሰኩስ ጨርቅ ነው። ዛሬም ሐዘን የገባበትን ቤት «ማቅ ለበሰ» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው።

ለቀብር የሚወጣው ጎረቤት ግን ያንኑ የዘወትር ነጭ ነጠላውን ነው የሚለብሰው። ልዩነቱ አለባበሱ ላይ ነው። በደስታ ቀን ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ በሐዘን ቀን ነጠላው ይገለበጥና ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ ትከሻና ወደ አንገት ይሆናል። የአገሩ ሰው ይህን ከሩቅ አይቶ «ለቅሶ አለ» ይላል። ልማዱን የማያውቅ እንግዳ ግን ነጭ ልብስ ብቻ ስለሚታየው ሠርግ ነው ቢል አይፈረድበትም።

ሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድ የሐዘኑ ሥርዓት ሌላ ነው። ሟች የሚከፈነው በነጭ ጨርቅ ሲሆን፣ ለወንድ ሦስት፣ ለሴት አምስት ቁራጭ ማድረግ የተለመደ ነው። ለዘመድ ሐዘን መቀመጥ ከሦስት ቀን አያልፍም። ባሏ የሞተባት ሴት ብቻ አራት ወር ከአሥር ቀን ከጌጥና ከሽቶ ርቃ ትቆያለች። እንግዲህ «በሦስት ቀን አበቃ» የምንለው ሰው ሃይማኖቱ ያዘዘውን መፈጸሙ ነው እንጂ ለሟቹ ሳያዝን ቀርቶ አይደለም።

ወደ ውጭ አገር ስንሄድም ነገሩ እንዲሁ ይለያያል። በቻይና ልማድ የሐዘን ቀለም ነጭ ነው፤ ሙሽራ የምትለብሰው ቀይ ነው። የእኛ ሙሽራ በነጭ ቬሎዋ እዚያ ብትሄድ የድሮ ሰዎች ይደነግጣሉ። በሕንድም በሂንዱዎች ባህል ባሏ የሞተባት ሴት ነጭ ትለብሳለች። ፈረንጅ ሁሉ በጥቁር ያዝናል የሚለውም ሙሉ እውነት አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1560 የፈረንሳዩ ንጉሥ ዳግማዊ ፍራንሷ ሲሞት፣ ሚስቱ ሜሪ ስቱዋርት ያዘነችው በነጭ ልብስ ነው፤ የፈረንሳይ ንግሥቶች ወግ እንዲህ ነበርና።

ጥቁርን ዓለም ሁሉ እንዲያውቀው ካደረጉት አንዷ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ናት። ባሏ አልበርት በ1861 ከሞተ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቷ እስከ 1901 ድረስ ጥቁር አልተለያትም። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ ተወስዶ እንግሊዝ አገር በደረሰ ጊዜ፣ በ1868 ማለት ነው፣ የተቀበለችው በዚሁ የሐዘን ልብሷ ነበር። ያ ሕፃን ግን አባትም እናትም ሞተውበት ከአገሩ የተወሰደ ነበር። ከሁለቱ የማን ሐዘን ይበልጣል ተብሎ በልብስ ቢለካ ፍርዱ እንዴት ያለ ይሆን ነበር?

ምልክትን ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት እንደማያነበው የቀይ መስቀል ታሪክም ያስረዳል። በ1864 ጄኔቭ ላይ በነጭ መደብ ላይ ቀይ መስቀል የቁስለኛ መርጃ ምልክት እንዲሆን ተወሰነ። የስዊስን ባንዲራ ቀለም ገልብጠው ነው ያወጡት። ይሁን እንጂ በ1876 የኦቶማን ቱርክ መንግሥት መስቀሉ የሙስሊም ወታደሮቻችንን ስሜት ይነካል ብሎ በቀይ ጨረቃ ተካው። ጨረቃውም በ1929 በስምምነት ጸደቀ። በ2005 ደግሞ መስቀልም ጨረቃም ያልሆነ፣ በማዕዘኑ የቆመ ቀይ አራት ማዕዘን ሦስተኛ ሆኖ ተጨመረ። የእኛ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም መስቀሉን ይዞ ነው። ምልክቱ ሦስት ሆነ ብሎ የቁስለኛው ማሰሪያ አልተለወጠም፤ ሥራው ያው ነው።

ልማድም ባለበት አይቆምም። ዛሬ በአዲስ አበባ የሟችን ፎቶግራፍ በካናቴራ አሳትሞ መልበስ ተለምዷል። አያቶቻችን ቢያዩት «ይህ ምን ጉድ ነው?» ባሉ ነበር። ለወጣቶቹ ግን የሐዘናቸው መግለጫ እሱ ነው።

ስለሆነም በበኩላችን የምናሳስበው ይህ ነው። አንደኛ፣ ጥቁር ያልለበሰ ሐዘንተኛ ስናይ ከመፍረዳችን በፊት የቤቱን ልማድ እንወቅ። ሁለተኛ፣ ሐዘን ቤት የሚላኩ አባላት የአበባውንም፣ የጨርቁንም፣ የመቀመጫውንም ቀን ነገር ቤተሰቡን ጠይቀው ይሥሩ። ሦስተኛ፣ «ለቅሶ የሚደርስ አባል ጥቁር ይልበስ» የሚል ደንብ ይውጣ የሚሉ አባላት ስላሉ፣ ጠቅላላ ጉባኤው ሐሳቡን እንዳይቀበለው እንለምናለን። እድር የተቋቋመው ሬሳ በወግ እንዲቀበርና ሐዘንተኛ ብቻውን እንዳይቀር ነው። ድንኳን የተከለ፣ ወንበር የተሸከመ፣ ሌሊቱን ከሐዘንተኛው ጋር ያደረ ጎረቤት ካናቴራው ሰማያዊ ቢሆን ምን ይጎድላል?