ቀለሙ ቢዋሽ ብረቱ ይመሰክራል

እ.ኤ.አ. በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካውያን ልጆች ይገፏቸው ከነበሩት የአሻንጉሊት መኪኖችና የእሳት አደጋ ሠረገላዎች ብዙዎቹ ቀልጦ በአሸዋ ፎርማ ውስጥ ከፈሰሰ ብረት የተሠሩ ነበሩ። ሃብሊ የተባለው ኩባንያ በፔንሲልቬንያዋ ላንካስተር፣ አርኬድ በኢሊኖይዋ ፍሪፖርት፣ ኬንተን ሃርድዌር ደግሞ በኦሃዮዋ ኬንተን ያመርቷቸው ነበር። አርኬድ በ1920ዎቹ የቺካጎን ቢጫ ታክሲ ለልጆች እጅ በሚመጥን መጠን ለገበያ አቀረበ። በኋላ ግን ቀላልና ርካሽ የዚንክ አሻንጉሊት ተፎካካሪ ሆነ፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ብረቱን ለራሱ ወሰደው። ምርቱ ሲመናመን ሰብሳቢው በዛ፤ ዋጋው ሲወደድ አስመሳዩ ተከተለ። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው። እውነተኛው ማስረጃ ግን ያለው በብረቱ አሠራር ላይ ነው።

ምክንያቱም ብረት ቀልጦ ሲቀዘቅዝ አንድ በመቶ ያህል ይኮማተራል። የጥንቱ ፋብሪካ ይህን አውቆ ሞዴሉን በዚያው ልክ አተልቆ ይቀርጸው ነበር። አስመሳዩ ግን ብዙ ጊዜ አሮጌውን አሻንጉሊት ራሱን ሞዴል አድርጎ አሸዋ ላይ ያትመዋል። ስለዚህ ቅጂው እንደገና ይኮማተራል፤ 20 ሴንቲ ሜትር የነበረው መኪና 2 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል። ጥሩ ፋብሪካ ደቃቅ አሸዋ ስለሚጠቀም ገጹ ልስልስ፣ የሁለቱ ግማሽ አካላት መጋጠሚያም ጠባብ ነበር። በቅጂው ላይ ግን ገጹ ይሻክራል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል፣ የሞረድ ጭረትም ይታያል። በባለመስቀል ካቻቢቴ የሚፈታ ብሎንም ያስጠረጥራል፤ የዚህ ዓይነቱ ብሎን የተስፋፋው ከ1930ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነውና።

“ከጥንቶቹም ውስጥ ሻካራ ሆኖ የወጣ አለ፤ ብሎኑም በጥገና ጊዜ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል” የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ አንድ ምልክት ብቻውን አይፈርድም። ሆኖም የሚያጥር ልክ፣ የሚሻክር ገጽና የሚላላ መጋጠሚያ አንድ ላይ ሲገኙ ጥገና ሊያብራራቸው አይችልም፤ ሦስቱም የሚመነጩት ከአንድ ምክንያት፣ ከተቻኮለ ቅጂ ነውና። “ታዲያ አዋቂ አስመሳይ ዝገቱንም መላላጡንም ቢሠራስ?” ለሚለውም መልሱ ከዚሁ ይወጣል፦ ዝገትና መላላጥ ከውጭ የሚሠሩ ናቸው፤ የጠፋውን ልክ ለመመለስ ግን አዲስ ሞዴል መቅረጽ ያስፈልጋል። ያን ያህል ከተደከመና ወጪው ከወጣ ደግሞ አስመሳዩ የሚፈልገው ቀላል ትርፍ ይመነምናል። ስለዚህ ሰብሳቢ ከመግዛቱ በፊት በእጁ ሊይዘው የሚገባው የታወቀ ኦሪጅናል ልክና መለኪያ ነው፤ የቀለሙ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።